የሲፈን ደረሰኞች

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

የስኳር ቆርቆሮዬን ተነጠቅሁ። በዝምታ የማልፈው አይምሰላት። ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ጉንዳን ደጋግሞ ሞክሮ ያልደፈረው ቆርቆሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሻዬን ቀድቼ ብከፍተው ስኳር የለም። ወረቀት! የጨርቅ ደረሰኝ፣ የክር ደረሰኝ፣ የዚፕ ደረሰኝ፣ የማሽን ዘይት ደረሰኝ። ስኳሩስ? በፌስታል ተቋጥሮ እንደ ጥፋተኛ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ሲፈን! ይህ ቤት ሕግ የለውም?»

«ስኳር ግብር አይከፍልም፣ ኤሱማ። እኔ ግን እከፍላለሁ። ቆርቆሮው ለእኔ ይገባል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሳ።

ኤሱማ በእኛ በወለጋዎቹ ቋንቋ የእናት ወንድም ነው። ሌላው ሰው፣ ፍሪጁ የተበላሸበትም ያልተበላሸበትም፣ ጋሽ ደበላ ይለኛል። ሲፈን የእህቴ የአስቴር ልጅ ናት። ከነቀምቴ መጥታ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ ተቀጥራ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ አምና ንግድ ፈቃድ አወጣችና እዚህ ገርጂ፣ ሳሎኔ ውስጥ የስፌት ማሽን ተከለች። የመዋዕለ ሕፃናት ዩኒፎርም፣ የልጆች ቀሚስ፣ የጎረቤት መጋረጃ ትሰፋለች። ገቢዋ እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፤ ብቅ ሲል ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፣ ወዲያው ይጠፋል።

ዓርብ የመጀመሪያ ግብሯን ልታሳውቅ ቀጠሮ አላት። ነገሩን እንደ ሕፃን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከሸጠችው ላይ ለሥራው ያወጣችው ይቀነሳል፤ ግብሩ የሚታሰበው በተረፈው ላይ ነው። ወጪ የሚባለው ግን ደረሰኝ ያለው ብቻ ነው።

«ደረሰኝ ከሌለስ?»

«የሸጥኩት ሁሉ ትርፍ ነው ይሉኛል። ያኔ አልችለውም። ማሽኑን ሸጬ ወደ እማ መመለስ ነው።»

ቀለል አድርጋ ነው የተናገረችው። እኔም ቀለል አድርጌ «ስትሄጂ ቆርቆሮዬን ትተሽ ሂጂ» አልኳት። ከዚያ ግን ሻዬን ያለ ስኳር ጠጥቼ መጨረሴን ያወቅሁት ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ነው።

ማታ ወጪዎቿን ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጬ ላግዛት ሞከርኩ።

ያቀረብኳቸው ወጪዎች፦
የአጎት ምክር።
የጥበቃ አገልግሎት (ያው እኔ ነኝ፤ ደንበኛ ሲመጣ በር እከፍታለሁ)።
ሽሮ።

«ሽሮ ወጪ አይሆንም፣ ኤሱማ።»

«ሳትበዪ ትሰፊያለሽ?»

«ሳልሰፋም እበላለሁ። ስለዚህ አይሆንም።»

ሽሮን ሰረዝኩት። ያሳደጓት በደንብ ነው። ወለጋ ያደገ ልጅ እንደዚህ ነው፤ ስታሳፍረኝም «እርስዎ» እያለች ነው።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ዝናብ። ከኢምፔሪያል የተቆረጠ ጨርቅ ልንሸከም አብረን ወጣን። ታክሲ ውስጥ ስለ ወጪ እያሰብኩ ስለነበር ሒሳብ ከፍዬ እጄን እንደ ዘረጋሁ ቀረሁ።

«መልስ የለዎትም፣ አባባ» አለኝ ወያላው።

«መልስ አይደለም። ደረሰኝ።»

ታክሲው ሁሉ ዞረ። ወያላው መጀመሪያ እንደ መደንገጥ አለ። ከዚያ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ «መዳፍዎ ላይ ልፈርምልዎት?» አለኝ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ለእኔም ያስፈርሙልኝ፣ ባሌ የት ዋልሽ ሲለኝ አሳየዋለሁ» አለች። ሲፈን ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ከታክሲ ስንወርድ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነበር። ከሰሞኑ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው። ለዛሬ ይበቃኛል።

ቤት ገብተን ቆርቆሮውን ስታራግፍ ግን ሳቋ ጠፋ። የሽያጭ ማሽን ደረሰኝ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ሲቆይ ይነጣል። የመስከረሙን መብራት ላይ አድርገን በግድ ነው ያነበብነው። የጥቅምቱም እየተከተለው ነው።

«እስከ ዓርብ ይቆያሉ?» አልኳት።

«እስከ ዓርብ ይቆያሉ። ግን ከዚያም በኋላ ማስቀመጥ አለብኝ። ተመልሰው ሊጠይቁኝ ይችላሉ።»

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አልነገርኳትም። ድንገት ደስ ላሰኛት ነው።

አስቴር ማታ ደወለች። ነቀምቴ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል አለች። ይህን ወሬ ስትነግረን የመጀመሪያዋ አይደለም። ሲፈን «እሺ እማ፣ አያለሁ» ብላ ዘጋች። እህቴ ልጇን ብትፈልግ አልፈርድባትም። ግን እኔም አለሁ። ብቻዬን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሆቴሉን ጥገና ሥራ ከለቀቅሁ ወዲህ ማታ ማታ በዚህ ቤት የሚሰማው የፍሪጅ ድምፅ ብቻ ነበር። እሱም ልጠግነው ያመጡልኝ የሰው ፍሪጅ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

የልደት ሰርተፊኬቴ፣ የመንጃ ፈቃዴ ቅጂ፣ ከሆቴሉ የተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት፣ የአባቴ ፎቶ፣ ሁሉም ላሚኔት ተደርገዋል። በዕድሜዬ ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ወረቀትን ከውሃም ከጊዜም የሚያድነው ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ሲፈን የተሰፋ መጋረጃ ልታደርስ ስትወጣ ቆርቆሮዬን ይዤ ኢምፔሪያል ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። «ይህን ሁሉ ላሚኔት አድርግልኝ» አልኩት ልጁን። ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ ሰክቷል፤ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እስኪጨርስ ጎን ካለው ቤት ገብቼ ማኪያቶ ጠጣሁ። ሲፈን ስታይ ምን እንደምትል በሐሳቤ እያዘጋጀሁ ነበር። «ኤሱማ፣ እርስዎ እኮ ሊቅ ነዎት!» ትለኛለች ብዬ።

ስመለስ ልጁ በሥነ ሥርዓት ደርድሮ፣ በላስቲክ አስሮ ሰጠኝ። አየኋቸው። ጥቁር። ሁሉም። ፊታቸው እንደ ጥቀርሻ። የሚያምር ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ጨለማ።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ያሉኝን» አለ፣ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው ነቅሎ።

ወረቀቱ የሚታተመው በሙቀት ነው ለካ። ላሚኔቱም ሙቀት ነው። ፍሪጅ ስጠግን ዕድሜዬን ከሙቀት ጋር ስታገል የኖርኩ ሰውዬ ይህን አላወቅሁም።

ወደ ቤት በእግሬ ነው የመጣሁት። ታክሲ አላሰኘኝም። በር ላይ ቆሜ ስንት ቀልድ አሰብኩ። አንዱም አልሆነም። ስለዚህ ዝም ብዬ ሰጠኋት።

ብትጮህብኝ በተሻለ። አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው፣ አገላበጠችው። «ይሄ የትኛው ወር ነበር?» አለች። እኔን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የጠየቀችው። ከዚያ ሒሳብ የምታውቅ ጓደኛዋ ጋ ደወለች። የማይነበብ ደረሰኝ ደረሰኝ አይደለም፤ ያለው መንገድ ሻጮቹ ጋ የቀረው ቅጂ ካለ ማኅተም አስመትቶ ማምጣት ነው አለቻት።

«ይቅር በይኝ፣ ሲፉ» አልኳት።

«ለእኔ ብለው ነው። አውቃለሁ» አለች።

ይህን ስትል ነው ይበልጥ የተጎዳሁት።

ራት አልበላችም። ጓዳ ሆኜ ከእናቷ ጋር ስታወራ ሰማኋት፣ በኦሮምኛ፣ በቀስታ። «እማ፣ ሥራውን ያዢልኝ። እመጣለሁ» አለች። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አስቴር ደረሰኝ ጠፋባት ብላ ነው የምታስበው። ወንድሟ እንዳከሰለው አታውቅም።

ማሽኑ ዛሬ ማታ አልተነሳም።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ጠዋት ተኝታ ሳለች ወጣሁ። ያበላሸሁትን ራሴ ላስተካክል። ጨርቋን አብዛኛውን የምትገዛው ላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ካሉት ሐጂ ሰይድ ነው፤ የወሎ ሰው ናቸው። ጢማቸው ነጭ፣ ሱቃቸው እስከ ኮርኒሱ ጨርቅ።

አሁን ያደረግሁትን ስጽፍ እጄ ያፍራል። በደህና ገብቼ፣ ሰላም ብዬ፣ ችግሬን መንገር እችል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። ኮቴን አስተካክዬ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ከገቢዎች ነው የመጣሁት። የዓመቱን የደረሰኝ ጥራዝ ያቅርቡ» አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀ። ከንፈራቸው ደረቀ። ቶሎ ብዬ «ቀልዴን ነው፣ ቀልዴን ነው ሐጂ!» አልኩ። ያኔ ደማቸው ተመለሰ፤ ከደሙ ጋር ቁጣውም መጣ።

«በሰው እንጀራ ይቀለዳል? ሽማግሌ አይደሉም እንዴ? ይውጡልኝ!»

ወጣሁ። ምን አደርጋለሁ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ አውቶብስ ጭኖ ሲወጣ እያየሁ፣ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ያቺን ልጅ ከሠራችው ላይ ገፋኋት ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ በደግነቴ፣ ቀጥሎ በቀልዴ።

ቤት ተመልሼ ነገርኳት። ግንባሯን በእጇ ያዘች። ጸሎት መስሎኝ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይነሱ» አለች ከዚያ። «አብረን እንሄዳለን። ግን ኤሱማ፣ እዚያ እስክንወጣ አንድ ቃል አይናገሩ። ሰላምታውንም እኔ እሰጥልዎታለሁ።»

ሐጂ ሰይድ እሷን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከኋላዋ እኔን ሲያዩ ጠቆረ።

«ልጄ፣ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

«አጎቴ ናቸው፣ ሐጂ። ይቅርታ ያድርጉልን። እንደዚህ ናቸው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«አላህ ይርዳሽ» አሉ፣ ከልባቸው። አንገቴን ደፋሁ። ቃሌን ጠበቅሁ፣ ትንፍሽ አላልኩም።

ነገሩን ነገረቻቸው። ከጥቁሮቹ አንዱን አሳየቻቸው። ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ወሰዱት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ይህንንም ያደረጉት እሳቸው ናቸው?» አሉ። ራሷን ነቀነቀች። ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነው ብዬ መማል አልችልም።

ማሽኑ ከሚያወጣው ሌላ፣ የጨርቁን ዓይነትና ሜትር ለራሳቸው በእጅ የሚጽፉበት ጥራዝ አላቸው። የሁሉም ሽያጭ ቅጂ እዚያ ውስጥ አለ። ግን የዓመቱ ጥራዝ አንድ ጆንያ ሙሉ ነው፤ የእሷን ስም አንድ በአንድ መፈለግ ያስፈልጋል። «እኔ ሱቅ ዘግቼ አልፈልግም» አሉ። ከዚያ ሜትሩን አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። «እኛ ስንፈልግ እርስዎ ይሽጡ። ቅጣትዎ ነው።»

ስለዚህ ዛሬ ከሰዓቱን የጨርቅ ነጋዴ ሆኜ ዋልኩ። ፖፕሊንና ቴትሮን እንደማይለዩ ሰዎች ሁሉ፣ በልበ ሙሉነት ሸጥኩ። አንዲት ሴትዮ ለመጋረጃ መጥታ «ይሄ ቀለሙ ይለቃል?» ስትለኝ «እኔ ከለቀቅሁ ይለቃል» አልኳት። ከጓዳ ሐጂ «ሰውየው! ሱቄን ሊጨርሱብኝ ነው?» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ግን እየሳቀች ገዛች። ደረሰኝ ቆረጥኩላት። ቤትሽ ወስደሽ ላሚኔት እንዳታደርጊው ብዬ መከርኳት።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል የሲፈንን ስም ካለበት ጥራዝ ሁሉ አገኙ። ከአንድ ወር በቀር ሁሉም አለ። ሐጂ ማኅተማቸውን አወጡ። የቀረው ፎቶ ኮፒ ማስነሳት ነበር፤ ወረቀቶቹን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ሁለቱም እኩል «አይሆንም!» አሉኝ። እሷው ሄደች።

ስንወጣ ሐጂ እጄን ያዙኝ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት። ጨርቅ ስትመርጥ አያታለሁ» አሉኝ። «አያስከፏት።»

አላስከፋትም አልኩ። ይህን ግን በቀልድ አላልኩትም።


ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ግብር ቢሮ። ወረፋው እስከ ደረጃው። ከፊታችን አንድ የጫማ ነጋዴ ደረሰኞቹን በካርቶን ይዞ ቆሟል፤ በቅናት አየሁት።

ተራችን ደርሶ የተቀመጥነው ሹራብ የለበሰች፣ ድካሟ የሚታይ ወጣት ባለሙያ ፊት ነው። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ከማኅተሙ ጋር አየች። ኮምፒውተሯ ላይ ከነጋዴው ሽያጭ ጋር አመሳከረች። እኔ ጉልበቴን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አፌን ደግሞ በጥርሴ።

ጨርቁ ተቀባይነት አገኘ።

የክርና የዚፕ፣ ቅጂ ያላገኘንለት፣ ተሰረዘ።

ታክሲ፣ ተሰረዘ። ወያላውን አስፈርሜው ቢሆን ኖሮ!

መብራት፣ ቆጣሪው በእኔ ስም ስለሆነ ተሰረዘ።

ከዚያ ባለሙያዋ ብዕሯን አንድ መስመር ላይ አቆመች። «የሥራ ቦታ ኪራይ ይላል። ውሉ የታለ?»

ሲፈን ዞራ አየችኝ። ያንን መስመር ሰኞ ማታ እሷ ሳታይ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

«አከራዩ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስንት ይቀበላሉ፣ አባባ?»

«ከእህቴ ልጅ? ልጄ፣ ምን ብዬ እቀበላለሁ!»

«እንግዲያው ወጪ አይደለም» ብላ ሰረዘችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እንደዚህ ያለ አከራይ እኔም በተገኘልኝ» አለች።

ሲፈን ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። እንባ ሲመጣባት እንደዚያ ታደርጋለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ።

መጨረሻ ላይ የሚከፈለው መጣ። ያሰብነውን ያህል ትንሽ አይደለም፣ የፈራነውን ያህልም አይደለም። ትችለዋለች። እዚያው ባንክ ገብታ ከፈለች። የከፈለችበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ዚፑን ዘግታ እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች። እንዳልነካው።

መንገድ ላይ «ለሚቀጥለው ዓመት» አለች። «ስገዛ ዕለቱን ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። ክሩንም ደረሰኝ ከሚሰጥ ብቻ እገዛለሁ። ቆጣሪውን ደግሞ እንነጋገርበታለን።»

ለሚቀጥለው ዓመት አለች። እኔ አላቋረጥኳትም። እንዳልሰማ ሰው ዝናቡን አማረርኩ።

ለአስቴር ልንደውል ሞከርን፣ ኔትወርክ እንቢ አለ። ነገ።

ማሽኑ ተነስቷል። ከጓዳ ይሰማኛል።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። ጎረቤቶቻችን ነጭ ለብሰው በጠዋት ወጡ። እኛ የጴንጤ ቤት ስለሆንን ሥራ ላይ ነን። ሲፈን ማለዳ ነው የተነሳችው። የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ዩኒፎርም ጨምራ አዝዛለች፣ ትንንሽ ሰማያዊ ሽርጦች። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ የእኔ ወንበር፣ ሁሉም ሰማያዊ ለብሷል። እኔ ቁልፍ እንድተክል ተመደብኩ። የመጀመሪያውን ከሱሪዬ ጋር አብሬ ሰፋሁት። ልነሳ ስል ሽርጡም ተከተለኝ። ሲፈን ማሽኑን አቁማ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ከዚያ ከመደበችኝ ሥራ አነሳችኝ። ስለዚህ ጓዳ ገብቼ ይህን እጽፋለሁ።

የአስቴር ስልክ ዛሬም አይሠራም። ዝግ ነው ይላል።

በር ተንኳኳ።

ከፍቼ ተመለስኩ። ሻይ ጥጄ ነው የምጽፈው፤ ቶሎ መጻፍ አለብኝ።

አስቴር ናት። እህቴ። ሹራቧ ዝናብ ጠጥቷል። በሁለቱም እጇ ትልልቅ ሻንጣ ይዛለች፤ ባዶ መሆናቸው ከአያያዟ ያስታውቃል።

«የልጄን ዕቃ ልሸክፍ ነው» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ። «ስልኬ መንገድ ላይ ሞተብኝ።»

ቀልድ ፈለግሁ። አንድም አልመጣልኝም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ደግሞ ተስተካክሏል፣ ደግሞ ሳንነግርሽ ቀረን ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን እኔን እየሰማች አልነበረም። ከሳሎን የማሽኑ ድምፅ ይመጣል፤ ይሮጣል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሲፈን በሩ መንኳኳቱን አልሰማችም።

አስቴር አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሮጠው?»

«ሥራ ሲኖራት።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ሻንጣዎቹን በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች ወደ ሳሎኑ ሄደች።

ማሽኑ ቆመ። ምን እንደሚባባሉ ከዚህ አይሰማኝም። ውጭ ዝናቡ በረትቷል። ሻንጣዎቹ እንዳይረጥቡ ወደ ውስጥ ላስገባቸው ብዬ ተነሳሁ፤ ከዚያ ግን ባዶአቸውን እዚያው ይቆዩ ብዬ ተውኳቸው።